ቤት የት ይገዛል?

ምግብ፣ ልብስና መጠለያ ለሰው ልጅ መሠረታዊ ነገሮች መሆናቸውን ከታችኛው ክፍል ጀምራችሁ ስትማሩ መጥታችኋል። ሦስቱ ዘወትር በአንድነት ይጠሩ እንጂ በአመራረጥ ረገድ እኩል አይደሉም። ዛሬ የገዛነው ሽሮ ባይጣፍጠን ነገ ሌላ እንገዛለን፤ ያልተመቸን ጫማም አልቆ የሚጣልበት ቀን ሩቅ አይደለም። ቤት ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ደመወዝተኛ የአሥርና የአሥራ አምስት ዓመት ቁጠባውን አፍስሶ፣ በዚያም ላይ ተበድሮ የገዛው ቤት ባይስማማው፣ መልሶ ሊሸጠው የሚችለው በብዙ ድካምና ኪሣራ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ውሱን የሆነ ሰው ከቤቱ ይልቅ ቤቱ ስላለበት ቦታ አብዝቶ ሊያስብ ይገባዋል። ግድግዳ ይለሰናል፤ ጣራ ይቀየራል፤ ወለልም ቢሆን ቀስ በቀስ ይስተካከላል። የቤቱን ቦታ ግን ማንም ሊለውጠው አይችልም።

ሕግ ቤትን «የማይንቀሳቀስ ንብረት» ብሎ ይጠራዋል። ቃሉ ሲሰሙት ለዳኞችና ለጠበቆች ብቻ የሚጠቅም ይመስላል። ሆኖም ቤት ለመግዛት የተነሣ ቤተሰብ ሊያስብበት የሚገባውን ዋና ጉዳይ በአጭሩ ጠቅልሎ ይዟል። ቤቱ የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ወደ ቤቱ መንቀሳቀስ የሚኖርበት የቤተሰቡ ኑሮ ነው ማለት ነው። ከኑሮ ውስጥ ደግሞ የሚንቀሳቀስ አለ፤ የማይንቀሳቀስም አለ። የትኛው የቱ እንደሆነ አስቀድሞ ሳይለይ ቤት የሚገዛ ሰው፣ ከገዛ በኋላ በየማለዳው በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ መለየቱ አይቀርም።

ነገሩን ለማስረዳት በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት እናስብ። አባትየው በስድስት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ናቸው። እናትየዋ መርካቶ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ በነርስነት ይሠራሉ። ሴት ልጃቸው እንደ ብዙዎቻችሁ የዘጠነኛ ክፍል፣ ወንዱ ልጃቸው ደግሞ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነው። የመምህሩ እናትም አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ መውጣት ይከብዳቸዋል። አምስቱ የሚኖሩት በሽሮ ሜዳ በተከራዩት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ባልና ሚስቱ በዕቁብና በሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር አማካይነት ለብዙ ዓመታት ያጠራቀሙት ገንዘብ ከባንክ ብድር ጋር ሲደመር አንድ አነስተኛ ቤት ሊገዛላቸው ይችላል። የመጀመሪያው ቤት ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ሌላ ለመግዛት ግን ከቶ አይበቃም።

ቤት መፈለጋቸውን የሰማ አንድ ደላላ ሦስት ቤቶች አሳያቸው። የሦስቱ ዋጋ ብዙም አይራራቅም፤ በሌላው ነገር ግን እጅግ ይለያያሉ። የመጀመሪያው በልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚገኝ ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው። ሁለተኛው በከተማው ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ነው። ሦስተኛው ከከተማው ወሰን በስተ ደቡብ ምሥራቅ ወጣ ብሎ የተሠራ፣ 200 ካሬ ሜትር ግቢ ያለው ባለ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤት ነው። ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲመክር፣ ነርሷ ለሥራቸው የሚቀርበውን ልደታን መረጡ፤ መምህሩ የክፍሉን ብዛት ቆጥረው ወደ የካ አባዶ አዘነበሉ፤ ልጆቹ ግን ግቢ ያለውን ቤት ካልገዛን ብለው አስቸገሩ። አያትየዋ ምንም አልተናገሩም።

ልጆቹ ስለ ወደዱት ስለ ሦስተኛው ቤት አስቀድመን እንነጋገር። በእርግጥም ቤቱ ሲያዩት ልብን ይስባል። ግቢው ሰፊ ነው፤ ዶሮ ያረባል፤ ጎመን ያስተክላል። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ሻጩ ያቀረቡት ሰነድ ግን የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ሳይሆን፣ መሬቱ ከአንድ ገበሬ በሦስት ምስክሮች ፊት የተገዛበት የመንደር ውል ነው። ደላላው ይህን ሲያስረዳ፣ «የአካባቢው ሰው ሁሉ በዚህ ነው የሚኖረው፤ ካርታው ኋላ ይወጣል» አለ። «ኋላ» የሚለው ተውሳከ ግሥ መቼ እንደሆነ ግን ለመናገር አልደፈረም።

በዘልማድ «መሬት ገዛሁ» ሲባል እንሰማለን። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም፤ ተሳቢውም ግሡም በየቦታቸው ናቸው። በሕግ ፊት ግን ስሕተት ነው። በ1967 ዓ.ም. በየካቲት ወር የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ወር ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆኑ። በከተማው አዋጅ መሠረት አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያው ሊይዝ የሚችለው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። እንግዲህ በኢትዮጵያ ቤት ይሸጣል፤ ቤቱ ባረፈበት ቦታ የመጠቀም መብትም በሕጉ መሠረት ይተላለፋል፤ መሬቱ ራሱ ግን አይሸጥም። ገበሬው መሬቱን ሊያርስ፣ ሊጠቀምበትና ለልጁ ሊያወርሰው መብት ነበረው። መሸጥ ግን እርሱም ያልነበረው መብት ነው። ያልነበረውን መብት ደግሞ፣ ሦስት ቀርቶ ሠላሳ ምስክሮች ቢፈርሙበትም፣ ለገዥው ሊያስተላልፍ አይችልም።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ተጣምረው ሸገር ከተማ በተመሠረተበት ጊዜ፣ ያለ ፈቃድ ተሠርተዋል የተባሉ ቤቶች በብዛት ፈርሰዋል። ቤታቸው ከፈረሰባቸው ሰዎች መካከል መሬቱን ከገበሬ በመንደር ውል የገዙ ነበሩ። ሕጋዊ ይዞታ ያለው ሰው ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግበት ካሳ የሚጠይቅበት ሕግ አለው። በመንደር ውል የያዘ ሰው ግን ጎጆውን ለመሥራት ላቡን ያንጠፈጠፈ እንኳ ቢሆን፣ ቆሞ የሚከራከርበት መሬት የለውም። እንዲህ ያለ ቤት በአብዛኛው የሚገዛው ገንዘብ ያጠረው ሰው መሆኑ ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያሳዝናል፤ ርካሹ ቤት ያለውን ሁሉ የሚያሳጣው ለሌላ ጊዜ ምንም ያልቀረውን ሰው ነውና።

በቤቱ ላይ ሌላም ነገር ነበረ። መምህሩ ከበሩ ጀርባ፣ ቀለም ቀቢው ሳያስተውለው ያለፈው ስንጥቅ አዩ። ስንጥቁ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ መሬት ይወርዳል። የአዲስ አበባ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ አካባቢ አብዛኛው ጥቁር የዋልካ አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እስኪያወጣ ድረስ ይሰነጣጠቃል። በላዩ ላይ በጥልቀት ሳይቆፈር የተሠራ ቤት በየዓመቱ ከአፈሩ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል፤ ግድግዳውም ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ጀምሮ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በሌላ አፈርና ድንጋይ መተካት፣ ወይም መሠረቱን ዋልካውን አልፎ እስከ ጠንካራው ምድር ማውረድ ነው። ይህ የሚደረገው ግን ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ነው። ቤቱ ከተሠራ በኋላ ቀለም ስንጥቁን የሚሸፍነው እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ብቻ ነው።

ስለ ልደታው ቤት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለመርካቶም ለስድስት ኪሎም ይቀርባል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መሥመርም በዚያ ያልፋል። አንዲት መኝታ ቤት ግን ለአምስት ሰው ጠባብ ናት። ከሁሉ የሚከፋው ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑና ፎቁ አሳንሰር የሌለው መሆኑ ነው። ጉልበታቸውን የሚታመሙት አያት አንድ ጊዜ ከወጡ፣ ለመውረድ ሌላ ቀን መጠበቅ ሊኖርባቸው ነው። የቧንቧ ውኃ ኃይሉ ሲደክም ከታችኛው ፎቅ አልፎ ላይኛው ስለማይደርስ፣ ጄሪካን ተሸክሞ አራት ፎቅ የሚወጣው ማን እንደሚሆን ዘጠነኛ ክፍል ያለችው ልጅ አስቀድማ ታውቃለች። መርካቶ ጨርቅ ለሚሸጥና ገና ልጅ ላልወለደ ወጣት ባለትዳር ይኸው ቤት መልካም ነው። ለዚህ ቤተሰብ ግን አይሆንም።

የየካ አባዶው ቤት የበለጠ ማሰብን ይጠይቃል። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ቤቶች በብዛት መሠራት ከጀመሩ ወዲህ፣ ነዋሪዎች በ1997 ዓ.ም. ከዚያም በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው ቤቶቹ በዕጣ ሲተላለፉ ቆይተዋል። 20/80 በተባለው መርሐ ግብር ባለ ዕድሉ ከዋጋው 20 በመቶውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ 80 በመቶው ከባንክ በብድር ተሸፍኖ በረጅም ጊዜ ይከፈላል። በመሐል ከተማ ሰፊ ቦታ ማግኘት እየከበደ ስለሄደም፣ እንደ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ያሉት ታላላቅ ሰፈሮች የተሠሩት በከተማው ዳርቻ ነው። ቤቱ በዳርቻ ሲሠራ የሰዉ ሥራ ግን አብሮት አልሄደም።

መምህሩ የሒሳብ ሰው እንደ መሆናቸው ወረቀትና እርሳስ አነሡ። ከየካ አባዶ ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ስድስት ኪሎ ለመድረስ፣ የታክሲ ሰልፉ ተጨምሮበት፣ በአንድ ጉዞ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል እንበል አሉ። አሁን ከሽሮ ሜዳ በእግር ሲሄዱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅባቸውም። በቀን ደርሶ መልስ 3 ሰዓት፣ በወር 22 የሥራ ቀናት ቢታሰቡ 66 ሰዓት ይሆናል። ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው መንገድ በዚያው ስሌት 22 ሰዓት ነው። ልዩነቱ በወር 44 ሰዓት፣ ማለትም አምስት ተኩል ሙሉ የሥራ ቀናት ነው። ይህ የአንድ ሰው ብቻ ነው።

ከጊዜው ቀጥሎ ገንዘቡን አሰሉ። የመጓጓዣ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ለማስላት ያህል፣ በአንድ ጉዞ 20 ብር ተጨማሪ ወጪ አለ እንበል። አባት፣ እናትና ሴት ልጅ በየቀኑ ቢመላለሱ፣ 20 ብር በሁለት ጉዞ፣ በሦስት ሰውና በ22 ቀን ሲባዛ በወር 2,640 ብር ይሆናል። በዓመት 31,680 ብር ነው። ደላላው ከነገራቸው ዋጋ ውስጥ ይህ የለም። በውሉም ላይ አይጻፍም። በቤቱ እስከ ኖሩ ድረስ ግን ይከፈላል። ይህ ስሌት ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል በጨለማ ወጥታ ታክሲ የምትጠብቅን ልጅ ሥጋት በቁጥር አያስገባም።

በቤቱ ሰነድ በኩልም እንቅፋት ተገኘ። ቤቱን የሚሸጡት ዕጣው የወጣላቸው ሰው ራሳቸው አይደሉም፤ ከባለ ዕድሉ በውክልና የገዙ ሌላ ሰው ናቸው። በዕጣ የተላለፈ ኮንዶሚኒየም 5 ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ በሕግ ተከልክሎ ስለ ቆየ፣ ብዙ ሰዎች ሽያጩን በውክልና ሸፍነው ሲያካሂዱት ኖረዋል። የውክልና ጠባይ ግን ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመቸ አይደለም። ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ሊሽር ይችላል። ወካዩ ሲሞትም ውክልናው አብሮት ይሞታል። ከዚያ በኋላ ገዥው በእጁ የያዘው ወረቀት ዋጋ ሲያጣ፣ የሟች ወራሾች ደግሞ ቤቱ የአባታችን ነው ብለው ሊመጡ ይችላሉ። ቤቱን ተቀብቶ፣ ተነጥፎና ተኖሮበት ካለቀ በኋላ ቀርቦ ያልታወቀን ወራሽ መጋፈጥ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ መገመት አያዳግትም። ይህ ሁሉ የካ አባዶ መጥፎ ሰፈር ነው ለማለት አይደለም። ሥራቸው በሲኤምሲ ወይም በአያት አካባቢ የሆነ፣ ሻጩም ካርታውን በስሙ የያዘ ባለ ዕድል ከሆነ፣ ለብዙ ቤተሰብ ከዚያ የተሻለ አይገኝም።

ሦስቱም ቤቶች እንዲህ ሆነው ሲቀሩ፣ ነርሷ አንድ ሐሳብ አመጡ። ከቤት ፍለጋው በፊት መሠራት የነበረበትን ሥራ አሁን እንሥራ አሉ። ከልጃቸው ደብተር አንድ ገጽ ወስደው በመሐሉ መሥመር አሰመሩ፤ በአንዱ በኩል «የሚንቀሳቀስ»፣ በሌላው በኩል «የማይንቀሳቀስ» ብለው ጻፉ። የወንዱ ልጅ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ተርታ ገባ፤ የአራተኛ ክፍል ትምህርት በየሰፈሩ ይገኛልና። የሴት ልጃቸውም ትምህርት ቤት ሊለወጥ ይችላል፤ ነገር ግን በዓመቱ መካከል ሳይሆን በመስከረም ነው። የመምህሩ ሥራ የት እንደሚገባ አከራከረ። መምህር ዝውውር ሊጠይቅ ይችላል፤ ፈቃጁ ግን ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ በሰው እጅ ያለውን ነገር እንደማይንቀሳቀስ መቁጠር ይሻላል ተባለና ስድስት ኪሎ በሁለተኛው ተርታ ተጻፈ። የነርሷም ጤና ጣቢያ በዚሁ ምክንያት ከሥሩ ገባ። በእኔ አስተያየት ይህ ትክክለኛ አመዳደብ ነው። ዝውውር አገኛለሁ ብሎ ቤት የሚገዛ ሰው፣ ሳይዘንብ እርሻ እንደሚዘራ ሰው ነው።

የቀሩት አያትየዋ ነበሩ። መምህሩ ለእናታቸው ክብር ሲሉ፣ «እማማ፣ እርስዎስ የት ቢሆን ይወዳሉ?» ብለው ጠየቁ። አያትየዋ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ እኔ ለራሴ ብዬ ቤት አልመርጥም። ብቻ ከቀባሪዎቼ አታርቁኝ» አሉ።

ይህን ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በሰፈራቸው ዕድር ሠላሳ ዓመት ያህል ከፍለዋል። የስንቱን ሰው ድንኳን ሲተከል አብረው ቆመዋል፤ ለስንቱ ሐዘንተኛ ንፍሮ ቀቅለዋል። በየካ አባዶም በኮዬ ፈጬም ዕድር አለ፤ አዲስ ነዋሪም ይቀበላል። ነገር ግን በሰባ ዓመት ዕድሜ አዲስ ዕድር መግባት፣ ስማቸውን እንኳ ከማያውቁት ሰዎች ጋር ሠላሳ ዓመትን እንደገና መጀመር ነው። የቤት ዋጋ ሲነገር ይህን የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። አያትየዋ ባይናገሩ ኖሮ በዚያም ገጽ ላይ አይጻፍም ነበር።

በሁለተኛው ተርታ የተጻፉት ሦስት ስሞች ስድስት ኪሎ፣ መርካቶና ሽሮ ሜዳ ሆኑ። ሦስቱን በካርታ ላይ ሲያገናኟቸው በሰሜን አዲስ አበባ ጉለሌንና ቀጨኔን የያዘ አንድ ጠባብ አካባቢ ተገኘ። በዚህ አካባቢ ደላላው ያሳያቸው ቤት አልነበረም፤ ገንዘባቸው ለአዲስ ቤት አይበቃምና። ያን ጊዜ አያትየዋ በዕድራቸው ስብሰባ ወሬውን ነገሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀጨኔ ውስጥ አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ልጆቻቸው ወዳሉበት ከተማ ሊሄዱ እንደ ሆነ፣ ቤታቸውንም መሸጥ እንደሚፈልጉ ተሰማ።

ቤቱ የጭቃ ቤት ነው። ቦታው 75 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ጣራው ዝጓል፤ ማድ ቤቱ ጭስ ለብሷል፤ መንገዱም መኪና ከበሩ አያደርስም። ልጆቹ ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ። ነገር ግን ከሽሮ ሜዳ በእግር ይደረሳል፤ ለስድስት ኪሎ ቅርብ ነው፤ ወደ መርካቶም ረጅም ጉዞ አያስፈልገውም። የሚወጣበት ደረጃ የለውም። ከሁሉም በላይ፣ ካርታው በሽማግሌው ስም የወጣ ነው። በመጀመሪያ እንደ ተናገርነው፣ ጣራና ግድግዳ የሚቀየሩ ነገሮች ናቸው።

መምህሩ ግን ቤቱን ወዲያው አልገዙትም። አንድ ቀን በፀሐይ የተጎበኘ ሰፈር ግማሹን ጠባዩን ይደብቃልና፣ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። አንድ ጊዜ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሄደው ሰዉ ታክሲ በምን ያህል ጊዜ እንደሚያገኝ ቆመው ተመለከቱ። አንድ ጊዜ ማታ ሄደው የመንገዱን መብራትና የሰዉን እንቅስቃሴ አዩ። ሦስተኛ ጊዜ የሄዱት በኃይለኛ ዝናብ ነው። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ ወደ አቃቂ ቁልቁል የምትወርድ ከተማ ስለሆነች፣ በሰሜኑ ክፍል የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ራሱ ይመርጣል። ጎርፉ ከቤቱ በላይ ባለው ቦይ ሲያልፍ፣ ግቢውንም ሳይነካ ሲወርድ በዓይናቸው አዩ። የቀጨኔ ወንዝም ከቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ተመለከቱ፤ ወንዝ ዳር የሚሠራ ቤት ጎርፍ ባይወስደው እንኳ ለወንዝ ዳርቻ ልማት ሊነሣ ይችላልና።

ነርሷ በበኩላቸው ስለ ውኃ ጠየቁ። የጠየቁት ሻጩን ሳይሆን ጎረቤቶችን ነው። ሻጭ ስለ ውኃ ሲጠየቅ «ውኃ አለ» ይላል፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ጎረቤት ግን በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ በሌሊት ወይም በቀን መሆኑን፣ በአጓጉል ሰዓት ሲመጣ ተነሥቶ መቅዳት ማስፈለጉን ይናገራል። በዚህ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየቤቱ ሮቶ ተቀምጧል። እንግዲህ የሮቶው ዋጋ በቤቱ ዋጋ ላይ ተደመረ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ በመሐል ከተማ ለሚገኝ አሮጌ ሰፈር ከባዱ ጥያቄ ነው። ሰፈሩ ይፈርስ ይሆን? ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ፒያሳን ጨምሮ አያሌ ነባር ሰፈሮች መነሣታቸው ይታወቃል። ይህን ሥጋት ፈጽሞ የሚያስወግድ ዘዴ የለም። መምህሩ ሊያደርጉ የሚችሉት ወደ ክፍለ ከተማው ቀርበው በፕላኑ ላይ በዚያ ቦታ የሚያልፍ መንገድ መኖሩንና አለመኖሩን መጠየቅ ነበር፤ ያንኑ አደረጉ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ፣ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት እንደሚገባ ስለ ደነገገ፣ ስሙ ሲዛወር በእሳቸው ላይ የሚወድቀውን ክፍያም አብረው ጠየቁ። በዚሁ ሰፈር ከገበያው በጣም በረከሰ ዋጋ «ቁልፍ» የሚሸጡ ሰዎችም አጋጥመዋቸው ነበር። እነዚህ የሚሸጡት የቀበሌ ቤት ነው። ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ በቀበሌ ሥር የገቡት ቤቶች የመንግሥት ንብረት ስለሆኑ፣ ተከራዩ ቁልፉን ቢሰጥ እንኳ ቤቱን ሊሸጥ አይችልም።

የቀረው የውሉ ሥራ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። በቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ ተፈርሞ በኪስ የሚቀመጥ ውል ለዚህ አይበቃም። መምህሩ ከቀብድ በፊት ቤቱ ከዕዳና ከዕገዳ ነጻ መሆኑ ከይዞታ መዝገቡ እንዲጣራ ጠየቁ። ሽማግሌው ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም ራሳቸው ወረቀቱን አወጡላቸው። ለመፈረም የቀረቡትም ሽማግሌው ብቻ አልነበሩም። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የባልና የሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሊሸጥ የሚችለው ሁለቱም ሲስማሙ ስለሆነ፣ ባለቤታቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው አብረው መጡ። በገዥ በኩልም መምህሩና ነርሷ ሁለቱም ስማቸውን አስመዘገቡ።

ከባንክ የተበደሩትና ያጠራቀሙት ገንዘብ ተደምሮ ከቤቱ ዋጋ ጥቂት ተርፏል። ይህንን ትርፍ ለሶፋና ለቴሌቪዥን እንዳያውሉት ነርሷ አስቀድመው በሌላ ደብተር አስቀምጠውታል። ሴት ልጃቸው መኝታዋን በየትኛው ጥግ እንደምታደርግ ለክታ ጨርሳለች። ቁልፉን የተረከቡት በሚያዝያ መጨረሻ ስለሆነ፣ ክረምቱ ሳይገባ የዛገውን ቆርቆሮ ለመቀየር አንድ ወር ያህል ጊዜ አላቸው።